«ስለ መጽሐፉ መቼ ነው የምትጽፊው?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንዲት ደራሲ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሒስ ጻፍኩ። መጽሐፉን ወድጄው ነበር፤ የጻፍኩትም ውዳሴ ነው። ጽሑፉ በወጣ በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ደራሲዋ ራሷ ነበረች። አመሰገነችኝ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፣ «አንቺ ግን…» አለችኝ፣ «ስለ መጽሐፉ መቼ ነው የምትጽፊው?»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ጽሑፌን ከፍቼ አንቀጾቹን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ናቸው። በዘጠኙ ውስጥ ያለችው እሷ ናት፦ ስንት ልጅ እንዳላት፣ ከባሏ መቼ እንደተለያየች፣ ቀን መሥሪያ ቤት ውላ ሌሊት እንዴት እንደጻፈችው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ባል ከእውነተኛው ባል ጋር የት የት ላይ እንደሚመሳሰል። በአንዱ አንቀጽ ታሪኩን አሳጥሬ ተርኬዋለሁ። በቀረው አንዱ «ቋንቋዋ ውብ ነው» ብዬ አልፌያለሁ። አንድም ዓረፍተ ነገር ገልብጬ አላየሁም። ምዕራፎቹ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደመጡ አልጠየቅኩም። ሴትየዋ አራት ዓመት የለፋችበትን ነገር ትቼ፣ ሳትለፋበት የደረሰባትን ነገር ነበር የጻፍኩት።

ስሟን አልጠራም። ሕይወቷን አንዴ አደባባይ ያወጣሁት ይበቃታል።

የመጽሐፍ ምረቃ የምትሄዱ ሰዎች ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። መድረኩ ላይ ወንድ ደራሲ ሲቀመጥ «ገጸ ባሕርያቱን እንዴት ቀረጽካቸው? ለምን ከመጨረሻው ጀመርክ? የማን ተጽዕኖ አለብህ?» ይባላል። ሴት ስትቀመጥ ደግሞ «ለመጻፍ ምን አነሳሳሽ?» ይመጣል። እሱን ተከትሎ «ታሪኩ የራስሽ ነው?» ይመጣል። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ አባት ማይኩን ይቀበሉና ፈገግ እያሉ «ባለቤትሽስ ምን ይላል?» ይላሉ። አዳራሹ ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ?

«ለምን ትጽፊያለሽ?» በራሱ ክፉ ጥያቄ አይደለም። እኛ ጋ ሲጠየቅ ግን የሚፈልገው መልስ ቀድሞ የታወቀ ነው። ቁስል ይፈልጋል፤ ወይም አደራ። ደራሲዋም «ድምፅ ለሌላቸው ሴቶች ድምፅ ለመሆን» ትላለች። ዋሸች አልልም፤ ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው። ችግሩ ይህ መልስ ለጥሩውም ለመጥፎውም መጽሐፍ እኩል ማገልገሉ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ምክንያት ተነሥተው፣ አንዷ የሚነበብ ሌላዋ የማይነበብ ነገር ሊጽፉ ይችላሉ። እና እኔ ከዚያ የስልክ ጥሪ ወዲህ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው፦ ለምን እንደጻፈች ማወቅ ስፈልግ እንዴት እንደጻፈች አያለሁ። ምን ጻፈችና ቀደደች? ምንን ደጋገመች? ማንን አናገረች፣ ማንን ዝም አሰኘች?

መዓዛ መንግሥቴን እንውሰድ። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በአብዮቱ ሰሞን ገና በሕፃንነቷ ከቤተሰቧ ጋር ከአገር ወጥታ፣ በኋላ አሜሪካ የኖረች፣ በእንግሊዝኛ የምትጽፍ ደራሲ ናት። ሁለተኛው ልብ ወለዷ «ዘ ሻዶው ኪንግ»፣ የጥላው ንጉሥ እንበለው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት ከታጩት የመጨረሻዎቹ ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ጉዳዩ በ1928 ዓ.ም. የጀመረው የጣሊያን ወረራ ነው፤ ይልቁንም በዚያ ጦርነት ጠመንጃ አንሥተው የዘመቱት ሴቶች።

መጽሐፉ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። ጣሊያን ሄዳ መዛግብት ውስጥ ተቀምጣለች። ወታደሮቹ ለማስታወሻ ይዘዋቸው የገቡትን ፎቶግራፎች ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሳይቀር እየለቀመች አጠራቅማለች። ረቂቁንም ጨርሳ ነበር። ከዚያ ጣለችው። መረጃው በዝቶ ሰዎቹን ውጧቸው ነበርና ከሀ ጀመረች።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የምትጽፈው «ድምፅ ለመሆን» ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ የመጀመሪያው ረቂቅ በቂዋ ነበር። ሴቶቹ አሉበት፤ ጦርነቱ አለበት፤ በደሉም ጀግንነቱም አለበት። ምስክርነት ሲባል ተሟልቷል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ጎዶሎ ያየችው ደግሞ ምስክሯ መዓዛ ሳትሆን ባለሙያዋ መዓዛ ናት። ዓመታት የፈጀ ጽሑፍ የሚያስጥል ምክንያት፣ «ለምን ትጽፊያለሽ?» ሲባል ማይክ ላይ ከሚነገረው ምክንያት የከበደ መሆን አለበት።

በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ ምን አለ? ሂሩት አለች፤ ወላጆቿን ያጣች፣ በኪዳኔና በአስቴር ቤት በገረድነት የምታገለግል ልጅ። ከአባቷ የቀረላት አንድ ነገር ውጅግራ ጠመንጃ ነው፤ ጌታዋ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። ወጥ ቤቷም አለች፤ በስሟ ሳይሆን በሥራዋ የምትጠራ። ንግግሮቹ በትእምርተ ጥቅስ አልታጠሩም። ሰው ሲናገር፣ ሰው ሲያስብና ተራኪዋ ስትተርክ በአንድ መስመር ላይ ይፈሳሉ። መጀመሪያ ሳነበው ተማርሬበታለሁ፤ አሁን ማን ነው የተናገረው እያልኩ ወደኋላ ተመልሻለሁ። እየቆየ ግን ገባኝ። ሂሩት ባደገችበት ቤት የገረድ ድምፅ የገረዲቱ ንብረት አይደለም። እመቤቲቱ በእሷ አፍ ትናገራለች፤ እሷም በሆዷ የመለሰችው ነገር ከአፏ ይውጣ አይውጣ እርግጠኛ አትሆንም። ያንን ግራ መጋባት ደራሲዋ በገለጻ አልነገረችኝም፤ አንባቢዋን እኔን ግራ አጋባችኝና አሳየችኝ።

ፎቶግራፎቹስ? በልብ ወለዱ መሐል እየገቡ የሚወጡ አጫጭር ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድን ፎቶግራፍ በቃላት ይስላሉ። ሥዕሉ ራሱ የለም። የዚያን ዘመን የወታደር ፎቶዎች ያየ ሰው ለምን እንዳልታተመ ይገባዋል፤ ብዙዎቹ የተነሡት ምርኮኛን ለማዋረድ፣ ሴትን ራቁቷን ይዞ ለመመለስ ነው። ፎቶውን ቢያሳዩን እኛም ከካሜራው ጀርባ፣ ወታደሩ ከቆመበት ቦታ ላይ ነው የምንቆመው። ቃል ግን ፎቶው የማይችለውን ይችላል፦ ካሜራው ቀጭ ከማለቱ በፊት የነበረችውን ቅጽበት፣ ከፍሬሙ ውጭ የቆመውን ሰው፣ የታሰረች እጅ በጣቶቿ ምን ትሠራ እንደነበር ሊያይ ይችላል። ይኼ የሙያ ውሳኔ ነው። «ለምን ጻፈችው?» ለሚለውም ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፤ ያቺን ሴት ከወታደሩ ዓይን ለማውጣት።

ሁሉም ሰምሮላታል ማለቴ አይደለም። እንደ ጥንት የግሪክ ድራማ እየገቡ የሚያዜሙት የኅብር ድምፆች አንዳንድ ቦታ ይጫኑብኛል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ኦፔራ እየሰሙ የሚብሰለሰሉባቸው ክፍሎችም ለእኔ ይረዝማሉ። ግን ይህን ለማለት መጻፏን እንደ ሥራ ማየት ነበረብኝ። ቁስልን «ይረዝማል» ማለት አይቻልም፤ ነውር ነው። የሴትን መጽሐፍ እንደ ቁስል ብቻ የሚያነብ ሐያሲ መጽሐፉን ከመተቸት ይቆጠባል፤ መቆጠቡ አክብሮት ይመስለዋል። የእኔ አሥራ አንድ አንቀጽ ላይ አንድም ነቀፌታ አልነበረም። ያስከፋት እሱም ጭምር ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ደግሞ ስለ መዓዛ ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ አለ፤ የቅድመ አያቷ የጌጤ ታሪክ። ንጉሡ ከየቤቱ የበኩር ልጅ ይዝመት ሲሉ፣ ጌጤ የአባቷ በኩር ናት፤ ሴት ሆና ተገኘች እንጂ። በልጅነቷ ለአንድ ጎልማሳ ተድራለችና አባትየው ጠመንጃውን በእሷ ምትክ ለሚዘምተው ባሏ ሊሰጥ አሰበ። እሷ ግን አባቷን ዳኛ ፊት አቆመች። ረታችውና ጠመንጃዋን ይዛ ዘመተች። እንዲህ ያለ ታሪክ ያገኘ ጋዜጠኛ ሌላ ምን ይፈልጋል? እኔም የድሮዋ ብሆን ዘጠኝ አንቀጽ እጽፍበት ነበር።

ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መዓዛ ይህን የሰማችው ስለ ሴት ተዋጊዎች ለዓመታት ስትመረምርና ስትጽፍ ከቆየች በኋላ ነው። የምትሠራውን ለእናቷ ስታወራላት፣ እናቷ እንደ ቀላል ነገር የቅድመ አያቷን ነገር ጣል አደረገችላት። ማለት የቤተሰቡ ታሪክ መጽሐፉን አልወለደውም። ልጅቱ በመጻፍ ፈልጋ የደረሰችበት ቦታ ላይ ቅድመ አያቷ ቆማ ጠበቀቻት። ለእኔ ይኼ ከመጀመሪያው ይልቅ ይደንቃል፤ እናትየው ሳትነግራት የኖረችውም ደብቃ እንዳይመስላችሁ። ጠያቂ አልነበረማ።

ጠያቂ ስል አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች፤ «ትዝ ይሉኛል» ልበል እንጂ፤ ትልቅ ሴት ነበሩ። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ለቅሶ ሲሰማ ጥቁራቸውን ለብሰው ይመጣሉ፤ ግን ወደ ድንኳኑ በቀጥታ አይገቡም። መጀመሪያ ወደ ጓዳ ነው። ሽንኩርት ከሚልጡት፣ ቡና ከሚወቅጡት ሴቶች መሐል በርጩማ ስበው ይቀመጡና በዝግታ ይጠይቃሉ። «ልጁ ስንተኛ ነበር ለእናቱ? … ምን ይወድ ነበር? … ታሞ የጠየቀው ማነው? … ያ ወንድሙ መጣ?» ሴቶቹ ይመልሳሉ፤ አንዷ የአንዷን ታርማለች። እሳቸው አይጽፉም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሣሉ። ድንኳን ሲገቡ ያ ሁሉ ወሬ በሁለት በሁለት መስመር ተቆርጦ፣ ቤት እየመታ ይወጣል። ሳይጠይቅ የቀረው ወንድም ራሱን አቀርቅሮ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ስሙ አልተጠራም። መጠራት አላስፈለገውም፤ ወርቁን እሱ ያውቀዋል።

ያኔ እናዳምጥ የነበረው ሐዘን ብቻ ነው። አሁን ሳስበው ሴትየዋ ጓዳ ውስጥ የሚሠሩት የሙያቸውን ግማሽ ነው፤ ማጣራት፣ መምረጥ፣ የሚቀረውን ማስቀረት፣ ማን ፊት እንደሚነገር ማሰብ። ከጠየቋቸው ሁሉ ድንኳን ውስጥ የሚሰማው አንድ አምስተኛው አይሆንም። ለምን ያወርዳሉ ቢባል «ሙያዬ ነው» ይሉ ነበር። ከልብ የሚያዝኑበትም የማይሞላ ልብ ይዘው የሚመጡበትም ለቅሶ ነበረ፤ በሁለቱም ግን ግጥሙ ግጥም ነው።

ይህን ስል ራሴንም እጠረጥራለሁ። «የሴት ሥነ ጽሑፍ ከሙሾ ከቡና ወሬ የመጣ ነው» ማለት ሌላ ወጥመድ ነው፤ ሴትን ከመጻሕፍት ቤት አውጥቶ ጓዳ ይመልሳታል። መዓዛ ከጓዳም ከሆሜርም ወስዳለች። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን አስታውሱ፤ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው የመጡ፣ በወረራው ጊዜ ተማርከው በጣሊያኗ አሲናራ ደሴት የታሰሩ፣ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት። እሳቸውን የምናወሳቸው ሁልጊዜ «የመጀመሪያዋ» በሚል ነው። በ1940ዎቹ ያሳተሙት «የልቤ መጽሐፍ» ግን ግጥምና ተውኔት ነው። ተውኔቶቻቸውን ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱት ሰው ምን ዓይነት ስንኝ ይጽፋል? የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ትንፋሽ የሚችለው ስንኝ መሆን አለበታ! ይህን ማንም አልመረመረውም ልል ነበር፤ ቢያንስ እኔ አልመረመርኩትም፤ «ፓርላማ» የሚለው ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ከጓዳው ጋር ፊት ለፊት የተያያዘው ሥራ የአይዳ እደማርያም ነው። አይዳ የኢትዮጵያዊ አባትና የካናዳዊት እናት ልጅ ናት፤ በእንግሊዝ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ስትሠራ ኖራለች። በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ዘ ዋይፍስ ቴል»፣ የሚስቲቱ ታሪክ ማለት ነው፣ የአባቷን እናት የወይዘሮ የተመኙን ሕይወት ይተርካል። ጎንደር ተወልደው፣ በስምንት ዓመታቸው በሃያ ዓመት ለሚበልጧቸው ካህን የተዳሩ፣ ባላቸው ሲታሰሩ አዲስ አበባ ድረስ ወጥተው ደጅ የጠኑ፣ ንባብን በስተርጅና የተማሩ ሴት ናቸው። አይዳ ለዓመታት እየጠየቀች፣ እየቀረጸች ሰምታቸዋለች።

ይህንን ቅጂ ይዞ ብዙ ዓይነት መጽሐፍ መጻፍ ይቻላል። ቀላሉ ከወረራው ወደ ነጻነት፣ ከንጉሡ ወደ ደርግ በዓመተ ምሕረት እየቆጠሩ መሄድ ነበር። አይዳ ምዕራፎቿን የከፈለችው በኢትዮጵያ ወራት ነው፤ በወሩ መግቢያ ላይ እርሻው ምን እንደሚመስል፣ ዝናቡ የት እንደደረሰ ትነግረናለች። በመሐል የእመቤታችን ታሪኮችና ጸሎቶች ይገባሉ። ለምን? ወይዘሮ የተመኙ ሕይወታቸውን የኖሩት በዓመተ ምሕረት ቁጥር አይደለም። ልጅ የተወለደው በጾም ነው ወይስ በፍስክ፣ ባል የታሰረው ማርያም ዋዜማ ነው ወይስ ማግሥት፣ እንዲያ ነው የሚቆጠረው። መንግሥት ተለወጠ የሚባለው ነገር ወደ ቤቱ የሚገባው እህል ሲወደድ ወይም በር ሲንኳኳ ነው። እኔ ይህን ሳነብ የራሴ አያት አወራር ትዝ ብሎኛል፤ «መቼ ነው እማማ?» ስላት «ጤፉ ሲታጨድ» ትል ነበር፤ ያኔ መልስ አልመስል እያለኝ እበሳጫለሁ። አይዳ ያንን መልስ እንደ መልስ ተቀብላ የመጽሐፍ አጥንት አደረገችው። የልጅ ልጅ ፍቅር ብቻውን ይህን አያደርግም። የምትወደውን አያቱን አሰልቺ አድርጎ የጻፈ ስንት ሰው አለ።

ሁለቱም በእንግሊዝኛ መጻፋቸውን ያያችሁ «የእኛዎቹስ?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ መልሱም ከችሎታ ይልቅ ወደ ገንዘብ ነው የሚወስደን። ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1928 እ.ኤ.አ. ኬምብሪጅ ውስጥ ባሉ ሁለት የሴቶች ኮሌጆች ስለ ሴትና ልብ ወለድ እንድትናገር ተጋብዛ፣ ብዙ ሰው ስለ ነፍስና ስለ ተሰጥዖ ስትጠብቅባት የተናገረችው ስለ ገቢ ነው፦ በዓመት አምስት መቶ ፓውንድና ቁልፍ ያለው ክፍል። በኋላ ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ የምትተርከው ሴት ገንዘቡን ያገኘችው ቦምቤይ ላይ ከፈረስ ወድቃ ከሞተች አክስቷ ነው። የውርሱ ደብዳቤ የደረሳት ለሴቶች የመምረጥ መብት በተፈቀደበት ሰሞን ነበርና፣ ከሁለቱ ገንዘቡ እጅግ እንደበለጠባት ሳታፍር ትናገራለች። እኛ ጋ ደራሲ፣ ወንድም ሴትም፣ ብዙ ጊዜ ለማተሚያ ቤት ከኪሱ ከፍሎ፣ መጽሐፉን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ነው የሚያዞረው። ረቂቅ ጥሎ ከሀ ለመጀመር አሥር ዓመት የሚሰጣት ማን ነው?

ቶኒ ሞሪሰን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ስትጽፍ ከባሏ ተለያይታ ሁለት ወንዶች ልጆች ታሳድጋለች፤ ቀን የማተሚያ ድርጅት አርታኢ ናት። ልጆቹ ሳይነሡ ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፤ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ቡናዋን አፍልታ ብርሃኑ ሲመጣ ትጠብቃለች። ይህ የሷ ወግ የታወቀ ነው፤ ሁላችንም እየተቀባበልን እናወራዋለን። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው መጽሐፍ እንዴት እንደሚጀምር ግን ስንቶቻችን አውርተናል? የሚጀምረው የአሜሪካ ሕፃናት ማንበብ በሚለማመዱበት መጽሐፍ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ደስተኛ ቤት፣ እናት፣ አባት፣ ውሻ፣ ድመት። እኛ ፊደል ስንቆጥር አበበን ከነበሶው እንደደጋገምነው ማለት ነው። ከዚያ ያው ጽሑፍ ሥርዓተ ነጥቡ ተነሥቶለት ይደገማል። ለሦስተኛ ጊዜ በቃላቱ መሐል ያለው ክፍተት ሁሉ ጠፍቶ፣ ሊነበብ እንዳይችል ተጨፍልቆ ይመጣል። ሰማያዊ ዓይን የምትመኘው ጥቁር ልጅ ታሪኳ ገና አልተጀመረም፤ ያሳበዳት ነገር ግን አንድ ገጽ ላይ ተፈጸመ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተሠራው ሥራ ይሄ ነው። የምንዘፍነው ግን ለሰዓቱ ነው።

ሕይወት አይነካ፣ ስለ ደራሲዋ ኑሮ አይወራ እያልኩ አይደለም። ሕይወቱ ራሱ ጉዳዩ የሆነበት ጽሑፍ አለ። ሕይወት ተፈራ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ታወር ኢን ዘ ስካይ»፣ በአማርኛ «ማማ በሰማይ»፣ የኢሕአፓ አባልነቷን፣ ፍቅሯን፣ የስምንት ዓመት እስሯን የምትተርክበት ማስታወሻ ነው። እዚያ ላይ «ታሪኩ የራስሽ ነው?» የሚል ጥያቄ መልስ አለው፤ አዎ። ቢሆንም የዚያ መጽሐፍ ጉልበት ምን ላይ ነው? ያቺን በሐሳብ ፍቅር የነደደች ተማሪ የዛሬዋ ሴት በዛሬ ጥበቧ አታርማትም። «ያኔ ብናውቅ ኖሮ» እያለች በየገጹ አትገባባትም። ትተዋታለች፤ ትመን፤ ትሳሳት። ከዓመታት በኋላ ቁጭ ብሎ የራስን የዋህነት ሳይቀልዱበትም ሳያስውቡትም መጻፍ ከባድ ነው፤ የትዝታ ብዛት አያስችልም፤ የእጅ ጥንካሬ ይፈልጋል።

በሌላኛው ጫፍ ኤሌና ፌራንቴ አለች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1992 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ሲወጣ፣ መድረክ ላይ እንደማትወጣ፣ መጽሐፍ ከተጻፈ በኋላ ደራሲውን እንደማይፈልግ ለአሳታሚዋ ቀድማ አሳወቀች። ስሙም የብዕር ስም ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ጸናች። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ ጋዜጠኛ የገንዘብ ዝውውርና የንብረት መዝገብ እየመረመረ «እገሌ ናት» ብሎ ጻፈ። አንባቢዎቿ እጅግ ተቆጡ። ሰውየው የሠራው ነገር ግን እኔ በዘጠኝ አንቀጽ ከሠራሁት በመጠን እንጂ በዓይነት አይለይም። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይጠላለፍብኛል። ፌራንቴ ስሟን መደበቅ መብቷ ነው፤ የመረጠችው ነው። የሰፈራችን ሙሾ አውራጅ ግን ስማቸው የጠፋው መርጠው አይደለም። ስንኞቻቸው ከለቅሶ ለቅሶ ዞረዋል፤ ዛሬ ሌላ ሰው ሲያወርዳቸው ብሰማ «የእሳቸው ናቸው» የሚል ሰው የለም። ለአንዷ ስሟን ተዉላት እላለሁ፤ ለሌላዋ ስሟን መልሱላት። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሕግ አላገኘሁም።

ወደዚያች ወዳጄ መጽሐፍ ልመለስ። ባለፈው ክረምት እንደገና አነበብኩት፤ እርሳስ ይዤ። ያኔ «ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ ነው የጻፈችው» ብዬ ነበር። አሁን ያየሁት ምዕራፎቹ ሁሉ አጭር መሆናቸውን ነው፤ ከአራት ገጽ የሚበልጥ የለም። ሕፃን ከመንቃቱ በፊት የሚያልቅ ምዕራፍ። ሰዓቱን ጽፌ ሰዓቱ ገጹን ምን እንዳደረገው ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ባልየው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ባልየው አይናገርም። ይጮኻል፣ ያዛል፣ ይምላል፤ ግን ሁልጊዜ በእሷ አንደበት ነው የምንሰማው፤ «እንዲህ አለኝ»፣ «እንዲህ ይላል»። በቤቱ ውስጥ ቃል ሁሉ የእሱ የነበረውን ሰው፣ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቃል ነሥታዋለች። እኔ ያኔ ከእውነተኛው ባል ጋር ሳመሳስለው ይህን አላየሁም።

ሦስት ገጽ ጻፍኩና ላኩላት። ለማተም አይደለም፤ ለእሷ። በማግሥቱ ደወለች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን ተሳስተሻል። አንድ ቦታ ይናገራል።»

«የት?»

«ምዕራፍ ሰባት። ፈልጊው።»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ገለጥኩት። ሌሊት ነው፤ ሰውየው ታሟል፤ እሷ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተኝታለች። በገጹ ግርጌ፣ ብቻዋን በአንድ መስመር፣ በጥቅስ ምልክት የታጠረች አንዲት ቃል አለች። «ውሃ»።

«አስራ አንድ ጊዜ አውጥቼ አስራ ሁለተኛ ጊዜ መልሼዋለሁ» አለች። «እስካሁን መተዌ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። አንቺ ምን ትያለሽ?»